ስለ ሆዴ ስፋትና ስለታዘዘልኝ ክትትል

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የአመጋገብ ምክር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክብርት ሆይ፣ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ የራሴን መሰላል በራሴ ትከሻ ተሸክሜ ሥራ እሄዳለሁ፣ የፎቅ ደረጃ ጣሪያ ወለሉ ላይ ጠብ ሳላደርግ እቀባለሁ፣ ሸሚዜን አጥቤ እተኩሳለሁ፣ መርፌ ውስጥ ክር በመጀመሪያው ባይሆን በሁለተኛው አስገባለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ማታ ትምህርት ቤት በለቀምኳት ፊደል ማንም እጄን ሳይዘኝ እየጻፍኩት ነው። ይህን የምዘረዝረው ለመኩራራት አይደለም፤ ትንሽ ለመኩራራትም ነው፤ ይበልጡን ግን እርስዎ ለልጄ የነገሯት ስለ ሌላ ሽማግሌ እንዳይሆን ለማጣራት ነው።

እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎ፣ ወገብዎ፣ ድምፅ ማጉያዎ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? ሁሉንም ደህና ያድርግልኝ፤ በተለይ ድምፅ ማጉያውን፣ ምክንያቱም ያለ እሱ የሰፈሩ ሰው የእኔን የወገብ ልክ በምን ይሰማ ነበር?

ጉዳዬ አንድ ነው። ልጄ በወሩ መጨረሻ መኪና ይዛ መጥታ አልጋዬንና ሣጥኔን ጭና ወደ ቤቷ ልትወስደኝ፣ የክፍሌንም ቁልፍ ለአከራዩ ልትመልስ ቆርጣለች፤ ምክንያቷም እርስዎ «አባትሽ ብቻቸውን ሊተዉ አይገባም፣ ክትትል ያስፈልጋቸዋል» ስላሏት ነው። የምለምነው ያቺን አንዲት ቃል እንዲያነሱልኝ ነው። ሌላውን ሁሉ፣ ሳቁንም ጭምር፣ በነፃ ምርመራ እንደተሰጠኝ ቆጥሬ ወስጄዋለሁ። እንዲመችዎም ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ መሥሪያ ቤት ያለ ተራ ቁጥር እንደማያነብ አውቃለሁ።

አንደኛ። በነፃ ምርመራው ቀን ወንበሩ ስላልበቃን ግድግዳ ተደግፈን ከቆምን በኋላ ተራዬ ደርሶ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ ቁመቴ ተለካ፤ ወገቤ ላይ ሜትር ተጠመጠመ። እርስዎም ድምፅ ማጉያውን እንደያዙ ለአዳራሹ፣ «የአባታችን ክብደት ጤናማ ነው፣ ሆዳቸው ግን ሰፊ ነው» ብለው አወጁ። ግራ ጆሮዬ ትንሽ ሰነፍ ናትና እኔ የሰማሁት «ሆደ ሰፊ ናቸው» የሚለውን ነው። ዕድሜ ልኬን አሠሪ ሲጮህብኝ፣ አከራይ ሲያመናጭቀኝ፣ ዝናብ ያልደረቀ ቀለሜን ሲያጥብብኝ ችዬ ኖሬያለሁና፣ በመጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት ትዕግሥቴን ለክቶ አወቀልኝ ብዬ ደረቴ አበጠ። ባርኔጣዬን አውልቄ ለሕዝቡ እጅ ነሣሁ። ይባስ ብዬም፣ «ባለቤቴም በሕይወት ሳለች ይህንኑ ትመሰክርልኝ ነበር» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀን የገባኝ ልጄ ውጭ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ ቀስ ብላ ስታስረዳኝ ነው። በስተርጅና ለሰጡኝ ለዚህ ክብር ምስጋናዬ ወደር የለውም።

በማግስቱ ሱሪዬን ወገቡ ላይ የሚያሰፋልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል፣ «እኔ ልብስ ሰፊ፣ አንተ ሆድ ሰፊ፤ በጽሑፍ እኮ አንድ ነን፣ ለምን አብረን ሱቅ አንከፍትም?» አለኝ። መልሱን በዕዳ ይዤ ወጣሁ። ለዚህም እርስዎን አመሰግናለሁ፤ እሱ ከዚያ በፊት ቀልድ አያውቅም ነበር።

ሁለተኛ። የሰጡኝን ምክር ሌሊትና ቀን ባሰላስለው አልገባ አለኝ። ክብደትዎ ጤናማ ስለሆነ አይነስ፣ ክብደት ግን ያንሱ፣ ሆድዎ ግን ይቀንስ፣ ሆድ ግን ለብቻው አይቀነስም አሉኝ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን አንድ ሰው ጠርቶኝ ግድግዳውን ሳትነካ ነጠብጣቡን ብቻ አጥፋልኝ ቢለኝ መሰላሌን ይዤ ወደ ቤቴ ነው የምመለሰው። ስብ ከየት እንደሚወጣ የሚመርጠው ገላ ራሱ ነው፣ የሆዱ ደግሞ ከሁሉ በኋላ ነው የሚሄደው ብለውኛል፤ እንግዲህ ሁሉ ሰው ሄዶ እሱ ብቻ ወንበር ላይ ተደላድሎ እንደሚቀር እንግዳ መሆኑ ነው፤ ታዲያ እንግዳው አልሄድ ሲል ባለቤቱን ከቤት ማስወጣት የየት አገር መፍትሔ ነው?

ምክርዎ ከመድረሱ በፊት ደግሞ በራሴ ፈቃድ ስፖርት ጀምሬ ነበር። እግሬን አልጋው ሥር ሰክቼ ከወለል ቀና ልል ብታገል እኔ ሳልሆን አልጋው ተነሣ፤ ተመልሶ ሲወድቅም ከሥሬ ያለው ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ይህ እንቅስቃሴ ሆድን ለይቶ እንደማያጠፋ እርስዎ ሲናገሩ እኔና ጎረቤቴ እኩል ነው ደስ ያለን። ክብደት ማንሳቱን በተመለከተ፣ ባልዲ ሙሉ ቀለም ይዤ ፎቅ ስወጣ ነው የኖርኩት፤ ምናልባት ባልዲው ስፖርት መሆኑን የነገረው ስለሌለ ይሆናል።

ሆድ የለኝም አልልም፤ ዓይን አለኝ። መሰላል ስወጣ ሆዴ ቀድሞኝ እርከኑን ይነካል፤ ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ የዕለቱ ቀለም መስመር ሠርቶ አገኘዋለሁ። እጅና እግሬ እንደ ድሮው ቀጫጭን ነው። ከኋላዬ ያየኝ ጎረምሳ መስዬው ይጠራኛል፤ ከጎኔ ያየኝ መቼ ነው የሚወልደው ይላል።

ሦስተኛ። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሆድ ላይ ስብ ያከማቻል ብለው አስተምረውናል፤ እውነት ይሆናል። «ክትትል» የምትለው ቃል ቤቴ ከገባች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ አልጋዬ መኪና ላይ ሲጫን፣ ሣጥኔ ሲቆለፍ ይታየኛል። ስለዚህ ከሆዴ ላይ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚሆነው የመሥሪያ ቤትዎ ንብረት ነውና፣ ሠራተኛ ልከው ፈርመው እንዲረከቡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አራተኛ፣ የመጨረሻውም። ልጄ ከእርስዎ ዘንድ በተመለሰች ሳምንት ቤቴ መጥታ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ብስኩቱን በፌስታል ሰበሰበች። ልጅ ናት፣ ትውሰድ አልኩ። ከዚያ ምድጃው ላይ ያለው ትልቁ ድስት ላይ እጇን አሳረፈች፤ እኔም በሌላው እጀታ ያዝኩት። «አባዬ፣ ድስቱን ስጠኝ። ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ድስት ምን ይሠራል?» አለችኝ። ድስቱን ወደ እኔ ሳብኩ። እሷም ወደ ራሷ ሳበች፤ በኋላ እሷ ለቀቀች፤ ለቅቃም በወሩ መጨረሻ መኪና ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ።

ለእሷ ያልሰጠሁትን መልስ ለእርስዎ እሰጣለሁ፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላልና። ባለቤቴ የታመመች ጊዜ እንቁላል መቀቀል እንኳ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። አልጋው ላይ ሆና፣ በሩን አስከፍታ፣ ከዚያ ሆና እያየች ምግብ መሥራት አስተማረችኝ። ምስሩ በዚህች ኩባያ ሁለት፤ ጨው የመዳፍህ ጎድጓዳ እስኪሞላ፤ ውሃው እጀታው የተመታበትን ምስማር ሲነካ በቃ። ምስማሩን ሲነካ፣ ትለኝ ነበር፣ ከዚያ አትጨምር፣ ከዚያም አታጉድል። ልኩ የሁለት ሰው ልክ ነው። ያኔ እሷም ትበላ ነበር፤ ወይም እኔ ፊት ትበላ ነበር። እንግዲህ የማውቀው ምግብ ሥራ ይኸው ነው። ግማሹን ልሥራ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ውሃው ግማሽ፣ ጨው ሙሉ ሆነብኝና እንባዬ እስኪመጣ መረረኝ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሥር አርሮ ሸተተ። ስለዚህ ምስማሩን እስኪነካ እሞላለሁ። ሁለት ሳህን ይወጣል። አንዱን እበላለሁ። ምግብ መድፋት አላደግሁበትም። ሁለተኛውንም እበላለሁ።

ሜትርዎን ሲጠመጥሙብኝ የለኩት ይህንን ነው፣ ክብርት ሆይ። የእኔ ድርሻ ጤናማ እንደሆነ ሚዛንዎ ራሱ መስክሯል፤ ትርፉ የእሷ ነው። እባክዎን ይህንን በድምፅ ማጉያ እንዳያነቡብኝ።

እንግዲህ የጎደለኝ ልክ እንጂ ክትትል አይደለም። ልክ ደግሞ ትምህርት ነው፤ ፊደልንም የተማርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ልጄ ቤት ብሄድ ሳህኔን ሌላ ሰው ይሞላልኛል፣ ሆዴም ይጎድል ይሆናል፤ ግን መሰላሌን የሚያስገባ በር የላትም፣ መሰላሌ ውጭ ካደረ ደግሞ እኔ ሥራ ፈት ሽማግሌ ነኝ ማለት ነው፤ ሥራ ፈት ሽማግሌ ምን ያህል ወገብ እንደሚያወጣ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ስለዚህ የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ልጄን ጠርተው፣ «አባትሽን ትንሽ ጊዜ ስጫቸው» የምትል አንዲት ቃል ቢነግሩልኝ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በተለመደው የሰው ድምፅ፣ ደግነትዎን ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ባይነግሩልኝም አወራለሁ፤ ወሬው ግን ይለያል።

የወገቤን ዙሪያ ለማወቅ ስላሳዩት ትጋት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለመጠየቅ ጊዜ ስላጡበት የሥራ ብዛት፣ ለዚህ ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ማለት እስከቻልኩበት ድረስ፣ የላቀ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ጤናማ ክብደቴን እንደጠበቅሁ፣ ከቤቴም ሳልወጣ፣

የእርስዎ ታዛዥ ተመርማሪ፣
ሰፈሩ «ባለመሰላሉ» የሚለኝ ቀለም ቀቢ

ግልባጭ፦
ለልጄ (አራተኛውን ደግመሽ አንብቢው)
ለጤና ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ (እስከ ሦስተኛው ብቻ)

ማስታወሻ፦ ራሱን ማስተዳደር አይችልም ብለው እንዳይሠጉ ያለብኝን ዕዳ ሁሉ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ፤ ሁሉንም ራሴ እከፍላለሁ፤ ስምዎን ከመካከሉ ቢፈልጉ አያገኙትም፣ ለእርስዎ የሚገባዎትን በዚህ ደብዳቤ ከፍዬ ጨርሻለሁና። ለልብስ ሰፊው፦ የቀልዱን መልስ፤ ተገኝቷል፣ ሱቁ ውስጥ ሰው ሲበዛ እነግረዋለሁ። ከሥሬ ላለው ጎረቤቴ፦ አልጋው ሲወድቅ ላጣው እንቅልፍ ይቅርታ፣ በመጥረጊያው ለፈነቀለውም ጣሪያ አንድ እጅ ቀለም። ለልጄ፦ ቤት ስትቀይር ቃል የገባሁላትን የኩሽናዋን ጣሪያ፤ በጠዋት መጥቼ ቀብቼ፣ ማታ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለድስት ሻጩ፦ በቀደም አንዲት ትንሽ ድስት ገዝቼ እስከ ቤቴ በር ካደረስኳት በኋላ ተመልሼ «ክዳኗ አይገጥምም» ብዬ መለስኩለት፤ ሰውዬው ሳይከራከር ተቀበለኝ። ክዳኗ ልክክ ብሎ ይገጥም ነበር። ይህን ሄጄ ራሴ እነግረዋለሁ።