ሙቢናን ለምትጠብቁ

የካቲት 11
ጠዋት ወፍጮ ቤት ልሄድ የገብስ ጆንያ እያሰርኩ ነበር። ጎረቤቶች አምስት ሆነው ገቡ። ተቀመጡ ብል ማንም አልተቀመጠም... ያኔ ገባኝ። ከአዳማ ስትመጣ ማታ መኪናው ተገልብጦ ነው አሉ። ሙቢናዬ። ገና በሃያ ስድስት ዓመቷ።
ሌላውን መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 20
ሶፊ መጣች፤ አብራት የተማረችው። የሙቢናን ዌብሳይት በስልኳ አሳየችኝ። ፕላን የሠራችላቸው ቤቶች ሁሉ ፎቷቸው አለ። ከሥር ቻት የሚባል አለ። ሰው ሲጠይቅ ሰው ሳይሆን ኤአይ ነው የሚመልሰው። ደንበኛ እንዳይጉላላ ብላ በመጨረሻው ሳምንቷ ነው ያስገባችው።
ፊደል እየፈለግኩ ጻፍኩ፦ ሙቢና የት ናት?
"ሙቢና አሁን ሥራ ላይ ናት። በሁለት ቀን ውስጥ ትመልስልዎታለች።"
ሶፊ ደነገጠች። መሞቷን አልነገርነውም፣ አሁኑኑ ላስተካክለው አለች። ተዪው አልኳት። በእኔም ስልክ አስከፈትኳት።

መጋቢት 22
ሁለት ቀን ሞላ። ጠየቅኩት። በሁለት ቀን ውስጥ አለኝ።

መጋቢት 29
በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። አብጄ ይሆን? መሞቷን አውቃለሁ። ግን ከተማው ሁሉ አላህ ይርሐማት ይለኛል፤ ሥራ ላይ ናት የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ያልሰማ ቢቀር ማንን ይጎዳል?

ሚያዝያ 14
ኦቦ ቱሳ የሚባሉ ሰው ከጢቾ መጡ። ፕላን የምትሠራዋ ልጅ ቤት የት ነው እያሉ ባጃጆቹን ጠይቀው። ለልጃቸው ቤት ሊሠሩ ነው፤ ፕላኑን ለሙቢና ያዘዙት በጥር ነው። ድንጋዩ ግቢያቸው ተራግፏል፣ ክረምት ሳይገባ መሠረቱ መውጣት አለበት። በቻቱ ስንት ጊዜ ጠይቀዋል... የሚመልሰውን ጸሐፊዋ መስሏቸዋል።
"ጨዋ ልጅ ናት፣ ብነዘንዛትም አትቆጣም" አሉ። "ሚስቴ ግን፣ አንተ የምትጠብቀው ፕላኑን ነው ጸሐፊዋን? አለችኝ።"
ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ። እሳቸውም ስቀው፣ በሉ ሙቢናን ጥሩልኝ አሉ።
እስኪቀመጡ ጠበቅኩ። ውሃ ሰጠኋቸው።
"ኦቦ ቱሳ፣ ልጄ ሞታለች። ሁለት ወር አለፋት።"
ባርኔጣቸውን አወለቁ።
"እኔ ደግሞ ውሸታም ናት እያልኩ ገበያ ላይ አማኋት። አፉ በሉኝ፣ አዴ ዘይቱና።"
አፉ አልኳቸው። እኔን ማን ይበለኝ? ልጄን በሞተችበት ያሳማኋት እኔ።

ሚያዝያ 15
ለሶፊ ደወልኩ። ንገሪው አልኳት። ኤአዩ የሚመልሰው ሙቢና ስለ ራሷ ከጻፈችለት አንድ ገጽ ላይ ነው አለችኝ። ገጹ ከተቀየረ መልሱም ይቀየራል። እኔ ልጻፈው? አለች። አይሆንም አልኩ። መርዶዋን የምናገር እናቷ ነኝ።
የኦቦ ቱሳን ፕላን ሙቢና ኮምፒውተር ውስጥ አገኘችው፣ ግማሽ ድረስ ተሠርቶ። ሶፊ ትጨርሰዋለች።

ሚያዝያ 18
ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እሷ ስለ ሥራዋ ያለችውን አልነካሁም። የእኔን ከሥሩ ጨመርኩ።

ግንቦት 3
ዛሬ ከሮቤ አንዲት ሴት ሙቢናን ጠይቃ ነበር። ኤአዩ መሞቷን በትሕትና ነገራት። ሶፊ ዘንድ መራት። ሴትዮዋ ወዲያው አልወጣችም... ረጅም ዱዓ ጽፋላት ሄደች። ሶፊ አነበበችልኝ። አለቀስኩ፣ ግን ቀለለኝ። አሁን የት ናት ብዬ አልጠይቀውም። የጻፍኩለት ይኸው፦
"ሙቢና ሁሴኖ የአሰላ ልጅ ነበረች። የካቲት 10 ማታ ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ያስጠበቅኳችሁ እኔ እናቷ ነኝ፣ አፉ በሉኝ። ሥራዋን ሶፊ ትቀጥላለች። የነደፈችውን ቤት ያያችሁ፣ አላህ ቀብሯን ያስፋላት በሉልኝ። ክርስቲያንም ብትሆኑ በምታውቁት ጸሎት አስቧት።"