ሚንሃ «ለምን?» ማለት ተወች

ውድ ገለቴ፣

ለገጣፎ የገባሽበት የቤት ሽያጭ ሥራ እንደተስማማሽ ሰማሁ። ይቅናሽ። እኔ ግን እዚሁ ሰበታ፣ ትተሽው በሄድሽው ክፍል ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ። ተናድጄብሻለሁ፤ ደብዳቤውን ስትጨርሺ ምክንያቱ ይገባሻል።

ሚንሃን መቼም አትረሻትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሂሳብ ክበብ ስንሰበሰብ ቆርኪ መሬት ላይ ትደረድሪ ነበር። አንድ ቆርኪ፤ ሦስት ሲጨመርበት ካሬ ሆነ፤ አምስት ሲጨመርበት ተለቅ ያለ ካሬ። ከዚያ እጅሽን አጣምረሽ «ማሊፍ? ለምን?» ትያለሽ። ልጆቹ ቆርኪውን ያያሉ፣ አንቺ ትጠብቂያለሽ። ላግዝሽ የመጣሁት እኔ መልሱን ልናገር ስቁነጠነጥ ታፈጪብኛለሽ።

በመጨረሻ ሚንሃ አዲሶቹን ቆርኪዎች በጣቷ ተከተለቻቸው። «ሁለቱም ጎን ላይ እኩል እኩል ነው የሚጨመረው፤ ጥጉ ላይ ያለችው አንዷ ትተርፋለች። ለዛ ነው ሁሌ ጎዶሎ ቁጥር የሚሆነው» አለች። ማንም አልነገራትም። አንቺ እንባሽ መጣ፤ እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁባት።

አሁን አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ወንድሟ የህያ አምና ማትሪክ ወድቆ ፋብሪካ ተቀጥሯል። ከዚያ ወዲህ እነሱ ቤት ስለ ፈተና እንጂ ስለ ትምህርት አይወራም።

ትናንት ከክፍል ልወጣ ስል የክብ ጥያቄ ይዛ መጣች። ደስ ብሎኝ ጠመኔ አነሳሁና መሳል ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ለምን እንደሆነ አትንገሪኝ» አለችኝ። «የትኛው ፊደል እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

«ሳይገባሽ? ነገ ጥያቄውን ቢቀይሩትስ?»

«የህያም እኮ ይገባው ነበር። እያንዳንዱን ሲያስብ ሰዓት አለቀበት።»

አንቺ «ለምን» ማለትን አስተምረሻት ሄድሽ፤ ፈተናው ደግሞ ሊያስተዋት እኔ እጅ ላይ ጣላት። ሁለታችሁም ላይ ተናደድኩ።

የፊታችን ቅዳሜ ነይልኝ። መንገዱ አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ነይ። ከእንግዲህ እኔ ብነግራት አትሰማኝም፤ ጠመኔውን አስቀምጬ «ሲ ነው» ብያታለሁና። አከበበችውና አመሰገነችኝ። እሷን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ከልቧ አመስግናኝ አታውቅም።

እየተቆጣሁሽ የናፈቅሽኝ፣
አጸደ