የታነር ትከሻ

ይድረስ ለእህቴ ለሎርና፤ ሃሊፋክስ። እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

እኔ ቤት ሆኖ የበረዶ ሆኪ የሚጫወተው ልጅሽ በግራ ክንፍ ጎብዟል። ትናንት አንድ የትልቁ ሊግ መልማይ ልምምዱን አይቶ፣ «ይበርራል እኮ! በሰኔው የተጫዋቾች ምርጫ በሁለተኛው ዙር ይወሰዳል» አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሲጋጭ የት እንደተጎዳ ሲጠይቀኝ፣ አሰልጣኙ ቀድሞኝ «ትከሻው ነው» አለው። እዚህ ሳስካቺዋን ምርጫ ሲቃረብ፣ ጭንቅላቱን የተመታም ቢሆን፣ የሁሉም ተጫዋች ጉዳት ትከሻው ላይ ነው።

ዛሬ ምሳ ላይ ታነር «እማዬ ቅዳሜ ትመጣለች?» አለኝ። «ገና አልጻፍኩላትም» አልኩት። ሾርባውን ሳይጨርስ ያንኑ ጠየቀኝ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ዓይን ዓይኑን ሳየው፣ «አጎቴ፣ ደነቆርክ እንዴ? መልስልኝ እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም እየሳቅኩ እንደ አዲስ መለስኩለት።

አልጋሽን አንጥፌያለሁ። ሰኔን አትጠብቂ፤ ለቅዳሜ ድረሺለት።

በአካል እስክንገናኝ ሰላምታዬ ይድረስሽ።
ናፋቂ ወንድምሽ ግለን