የሳማታር መኪና አልተጣለችም

ጥቅምት 3
ውሃ ዛሬም የለም። ደሃቦ ጠዋት የግመል ወተቷን ይዛ መጣች፤ እንደ ሁልጊዜው ደጄ ላይ ከቆመችው መኪና ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሁለት ኩባያ ገዛሁ።
ማቲ ከአዲስ አበባ ደወለ። ልጄ ያው ወሬው አያልቅበትም። ቤቱን ሽጠሽ ነይ... እዚያ ኮንዶሚኒየም ላይ ወጥቼ ምን ልሠራ? መንገድ ልቆጥር? የሰው አደራ በእጄ አለ፣ አልሄድም አልኩት። ሳቀ። "ያቺን ቆርቆሮ ነው?" ዘጋሁበት።

ጥቅምት 6
የማዘጋጃ ቤት ልጆች ቀይ ቀለም ይዘው መጡ። መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ። በሰፈሩ የቆመውን መኪና ሁሉ የኋላ መስታወቱ ላይ "ይነሳ" እያሉ ጻፉበት። ተነስቶ ከከተማው ዳር ባለው ግቢ ይከማቻል፤ ባለቤት ካልመጣለት ለቁራሌ ነው።
የሌላው ይነሳ፣ ማን ከለከለ? ያ ጎማ የሌለው አይሱዙ ከጋራዡ ፊት ቢነሳ እኔም እልል እላለሁ፤ የአይጥ ሰፈር ሆኗል። ደጄ ያለችውን የጎረቤቴን የሳማታርን ማርክ ቱ መኪና ግን... ማነው ባለቤት የላትም ያለው?
ጥጉን ሲታጠፉ ጠብቄ ነጭ ጋዝና ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። "ይነሳ" ጠፋ። እጄ እስካሁን ይሸታል።

ጥቅምት 9
መልሰው ጻፉባት። የዛሬው ደግሞ ከበፊቱ ይወፍራል። ከበሩ ቀለም የተረፈኝ ሰማያዊ ነበረኝ። ከሥሩ ጻፍኩበት፦ "የተጣለች አይደለችም። አደራ ናት።"
ደሃቦ ምን ብለሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት። "በሶማሊኛ አማና ብለሽ ጨምሪበት፤ የኛም ሰው እንዲገባው" አለች። ጨመርኩበት።

ጥቅምት 12
ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ኸሊፍ የሚባል ልጅ ነው ኃላፊው። ልጅ ልበለው እንጂ ጢም አብቅሏል። ትሑት ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ሊብሬ? የለኝም። ታርጋ? የሀርጌሳ ነው። መሪዋም በቀኝ። ውክልና? የለኝም።
"ታዲያ ምን አለዎት እማማ?"
"ቃል።"
ቃሌን እንደሚያምን፣ ደንቡ ግን ባለቤት ያለውንና የሌለውን ብቻ እንደሚለይ ነገረኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ... እሱ ወረቀቱ፣ እኔ ሞኟ።
ለባለቤቱ ይደውሉለት አለኝ በመጨረሻ። ይሄን እንዴት ይለኛል? ሶማሌ ሆኖ ይጠፋዋል? አደራ ለሰጠ ሰው ደውሎ "ና ውሰድልኝ" ማለት ሰለቸኸኝ ማለት አይደል? ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ያውቃል።
ሳማታር በየፋሲካው ይደውላል፣ እኔ በየኢዱ። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበታችን እናወራለን። ስለ መኪናዋ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። እሱ አይጠይቅም፣ እኔ አልናገርም። አደራ እንዲህ ነው።

ጥቅምት 13
ትናንት ተናድጄ ሳልጽፈው ቀረ። ለራሴም ቢሆን ይጻፍ።
2010፣ ከመሀል አገር የመጣው ሁሉ የተደበቀበት ያ የሐምሌ መጨረሻ ግርግር። ማን ምን አደረገ የሚለውን እዚህ አላነሳም። ጎረቤቴ ሳማታር ማርክ ቱዋን ደጄ ላይ አስጠጋ። እኔንና ማቲን ከኋላ አስተኛን፣ ብርድ ልብስና የወተት ጀሪካን ከመረብን፣ እህቱ ደሃቦ ቤት ወሰደን። ያን ጊዜ በአውበሬ መንገድ ላይ ነበር ቤቷ። እስኪረጋጋ እዚያ ከረምን። ደሃቦ አልጋዋን ለቃልን መሬት ተኛች።
ስንመለስ የኛ ሰዎች ግማሹ ቤቱን እየሸጠ ይሄዳል። የመቶ አለቃ አባቴ በሠራው ቤት ውስጥ እኔም ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ሳማታር መኪናዋን በሰው አስገፍቶ መጣ። ተበላሽታለች። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ፣ ደሃቦ ምስክር ሆና ቆማ። "ሀርጌሳ ልሄድ ነው ወለተ። እስክመለስ አማና" አለኝ።
ምን እላለሁ? ያን ሰው ምን ብዬ እንቢ እለዋለሁ? ሻንጣውን መልሼ ፈታሁ። አደራ በላ ልባል?

ጥቅምት 19
ክሬኑ መጣ! ድምፁን ስሰማ ነጠላዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩ፤ ገብቼ መሪው ጋ ተቀመጥኩ፣ በሩን ቆለፍኩ። ሠራተኛው በግራ በኩል መስታወት ያንኳኳል... ወንበሩ ባዶ። እኔ በቀኝ ሆኜ አየዋለሁ። በዚያ ሁሉ ንዴት ሳቄ መጣ።
ይውረዱ አለኝ። አደራዬ ወደ ሄደበት እኔም እሄዳለሁ አልኩት። ደሃቦ ይህን ስትሰማ ወተቷን ይዛ ከኋላ ገባች። "ሁለታችንንም ጫነን አቦ" አለችው። የፊቱን ጎማ ትንሽ አነሳ፤ ወተቱ ተደፋ። አልወረድንም። ሰው ተሰበሰበ። መልሶ አወረደን።
ኸሊፍ በእግሩ መጣ። መስታወቱን ዝቅ አደረግኩለት። ክሬኑን ነገ መልሶ ከመላክ ሌላ ምርጫ እንደሌለው ነገረኝ። እኔም ነገ መልሼ ከመቀመጥ ሌላ የለኝም አልኩት። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።
"እርስዎ ቢደውሉ ነውር ነው። እኔ ብደውል ግን የመንግሥት ሥራ ነው" አለኝ።
ከደሃቦ ቁጥሩን ተቀበለ። በሶማሊኛ ብዙ አወራ። ከዚያ ስልኩን በመስኮቱ አቀበለኝ።
ሳማታር ነው። ድምፁ አርጅቷል። "ወለተ፣ እስካሁን አልጣልሻትም?"
"አማና ይጣላል?"
"ሞተሯ ያኔውኑ ሞቷል እኮ። ለቁራሌ ልሰጣት ነበር።"
"ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?"
"ሻንጣሽን አየሁት" አለ። "አማና የያዘ ሰው አገር ለቆ አይሄድም። ሌላ ምን ብዬ ላስቀርሽ?"

ጥቅምት 20
ተናደድኩ። ይኼን ሁሉ ዓመት ቆርቆሮ ሲያስጠብቀኝ! ጎማዋን በየክረምቱ በድንጋይ ሳስደግፍ፣ ልጆች ጣሪያዋ ላይ ሲወጡ ስጮህ... ሂድ ብዬ ልሰድበው ሦስቴ ስልኬን አነሳሁ።
ደሃቦንም ጠየቅኳት። ታውቂ ነበር? ወተቷን ቀዳች። "አውቅ ነበር" አለች። እኔም አልቅሼ ወጣልኝ።
ግን አንድ ነገር... እንዲህ ፈልጎኝ ያስቀረኝ ሰው ከዘመዶቼ መሀል አለ? የለም።

ኅዳር 2
ራሴ ሄጄ ኸሊፍን ውሰዳት አልኩት። ሳማታርም ይሁን ብሏል። በአንድ ነገር ግን አልለቅም፤ "ይነሳ" የሚል ተጽፎባት አትወጣም፣ ቆሻሻ አይደለችም አልኩት። እሺ አለ።
ከደሃቦ ጋር አጠብናት። ውሃ ዛሬ መጥቶ ነበር። ቀዩን ጠረግነው፣ ሰማያዊውን ተውነው። ስትሄድ "አማና" የሚለው ከኋላ ይታይ ነበር። ቁልፉን አልሰጠሁም። አልጠየቁኝምም።

ኅዳር 5
ደጄ ባዶ ሆኗል። ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ይመታል። ደሃቦ ጥላ አጥታ ከግንቡ ተለጥፋ ተቀመጠች። የድሮ ሸራ ነበረኝ፣ አወጣሁ፤ አንዱን ጫፍ ከበሩ ብረት፣ ሌላውን ከደጁ ምሰሶ አሰርነው። ደህና ጥላ ወጣው።
ማቲ ደወለ። መኪናዋ መነሳቷን ሰምቷል። "እማ፣ አደራው ተነሳ። እንግዲህ ምን ያስቀምጥሻል?"
"ምንም" አልኩት። "ቤቴ ነው።"
ለገና እኔ እመጣለሁ አለኝ። ና አልኩት።
ነገ ለሸራው ሁለት ቋሚ እንጨት አስተክላለሁ። መንገድ ላይ ነው ካሉኝ ይምጡ። ቀለማቸውንም ይያዙ፤ ነጭ ጋዙ አላለቀም።