የሸራህ መስቀያ

ውድ አይጣልም፣

«አይጣልም» ማለት ስለምታበዛ ይህን ስም ያወጡልህ ልጆች ጎርምሰዋል፤ ስሙ ግን ሐይቁ ላይ ቀርቷል። አንተን አይተው የማያውቁ ትንንሾች እንኳን፣ የተበጠሰ ገመድ ሊወረውር የቃጣ ጓደኛቸውን «አይጣልም ይመጣብሃል!» እያሉ ያስፈራሩታል። በቁምህ የልጆች ማስፈራሪያ ሆነህ አረፍከው። እኔ ላይ ብትመጣብኝ ደስታዬ ነበር።

መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብለህ ከሄድክ ወዲህ የበላህ ጅብ አልጮህ ብሏል። ቢሆንም የሸራ ጀልባ አብረን ስናስተምር ያቆምከውን ሥርዓት አላፈረስኩትም። ጀልባዎቹን ዛሬም ያለ ሳሙና፣ በጨርቅና በክንዳችን ነው የምናጥባቸው። ነፋስ ሲጠፋ ሞተር አናስነሳም፤ ልጆቹ እየተነጫነጩ ይቀዝፋሉ። ከውሃው ላይ ቆሻሻ ሳይለቅም የተመለሰ ጀልባውን ብቻውን ያጥባል። ፌስታል ክልክል ስለሆነ የምንለቅመው በሸራ ከረጢት ነው። ያረጀ ሸራ ሁሉ ተቆርጦ ከረጢት ይሆናል፤ ሕጉን ያወጣኸው አንተው ነህ።

አንድ ሸራ ግን ከሕጉ አምልጦ ነበር፤ የራስህ። የሄድክ ዕለት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆመህ «ይሄን ምን ላድርገው?» አልከኝ። «ተወው፣ መስቀያው ላይ ይሁን» አልኩህ። ልልህ የፈለግኩት «አትሂድ» ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አንተም ሸራውን ሰቀልከውና ሄድክ።

ቀዩን እራፊ ታስታውሰዋለህ? ሸራህን ማዕበል የቀደደው ጊዜ አንተ ወጥረህ ይዘህልኝ እኔ ጣፍኩት። «አንቺ ጠጋኝ፣ ስፌትሽ እኮ የሰካራም መንገድ ነው» እያልክ ሳቅክብኝ። ሆን ብዬ ቀስ እል ነበር። ቶሎ ካለቀ ትነሣለህ።

ባለፈው ሳምንት ከረጢት አነሰን። ቁንጫ የምንላት፣ ከመቅዘፊያዋ ይልቅ ምላሷ የሚፈጥን ልጅ አለች፤ እሷ ሸራህን አውርዳ ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

«እትዬ፣ ይሄኮ አርጅቷል። ለምንድን ነው የማንቆርጠው?»

«የሰው ነው፣ አትንኪው።»

«የማን?»

«የአይጣልም።»

ስሙን ስትሰማ ታፍራለች ብዬ ነበር።

«እና እሱ ራሱ ቢኖር አይቆርጠውም?»

አንተ ብትኖር ትቆርጠው ነበር እኮ! ያውም እያፏጨህ። መቀሱን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ቆረጥኩት። ልጆቹ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እንደገና የሸኘሁህ መሰለኝ።

እራፊው ያለበትን ቁራጭ ልደብቀው አስቤ ነበር። ደብቄ ካስቀመጥኩት ግን ከመጣል በምን ይለያል? ከረጢት አድርጌ ሰፍቼ ለቁንጫ ሰጠኋት። አሁን ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ዳር ቆሜ ያንን ቀይ እፈልጋለሁ፤ ድሮ ሸራህን ከሩቅ እፈልግ እንደነበረው። ገና ብልጭ ሲል ልቤ ድንግጥ ይላል። ቀርቦ ከውስጡ የረጠበ ቆሻሻ ሲዘረገፍ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት ውሸት ነው። ናፍቀኸኛል። ያን ዕለት «አትሂድ» ከአፌ ተመልሷል፤ አሁን ግን ልበለው፦ ና። ስትመጣ «ሸራዬስ?» ብለህ አትቆጣኝ። እራፊውን ከፈለግክ ቁንጫን ለምናት፤ እኔ የለሁበትም። ለአንተ ሌላ ሸራ እሰፋልሃለሁ፣ ቀስ ብዬ።

ዕቃ ቤቱ ጠቦናል። ልጆቹ መስቀያህ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ሊያንጠለጥሉ ሲመጡ እከለክላቸዋለሁ። «የማን ነው?» ሲሉኝ «የሰው ነው» እላለሁ። እስካሁን ባዶውን ነው።

ጠጋኝህ