ያንተን ወገን የቆጠርኩ ቀን

ዓለሜ፣ ከተለየኸኝ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ስምህ ነው፤ እሱ ላይ ስደርስ ብዕሩን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከቀብርህ ወዲህ እስካለፈው እሁድ ድረስ ስምህን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ሰው ሲያነሳህም በልጃችን በኩል "አባቷ" ነበር የምለው።

ቤቱ ደህና ነው። ማሽላው ወፍ ቢያስቸግረንም አልከፋም። ዛሬ ነገ እያልክ የተውከውን የጓሮ በር አናጺ ባንድ ጠዋት ሠርቶት ሄደ፤ ይኸው ልንገርህ፣ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። አጠገባችን ያለው ባዶ ቦታ የባጃጅ ጋራዥ ሆኗል። ብትኖር ኖሮ ከሞተሩ ሥር አትነሳም ነበር፣ የአባቴ ቅድመ አያት የካርል ደም ነው እያልክ።

ትልቁ ወሬ ግን ልጃችን ሰናይት ልትዳር ነው። ልጁ የዋጃ ልጅ ነው፣ አስተማሪ፤ ብታውቀው አንተም ትወደው ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ እንደ ደንቡም ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ። የኔን ወገን ወንድሜ አንድ ሳይስት ቆጠረ። ያንተ ተራ ሲደርስ ቆጣሪ ጠፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ "የፈረንጁ ወገን ይለፍ እንጂ፣ ከኛ ጋር በየት በኩል ይገናኛል?" አሉ። ሰው ሳቀ። ሰናይት አቀርቅራ መሬት መሬት ታያለች።

በልጅነትህ ወገን የለውም እያሉ ምን ያህል እንዳሳዘኑህ አውቃለሁ። አባትህ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ቆቦ መጥቶ፣ ሥራው ሲያልቅ አገሩ የገባ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እናትህ ግን የዋዛ ሴት አልነበሩም፤ ከመሄዱ በፊት ቁጭ አድርገው ሰባት ቤት አስቆጠሩት። እሱ የሚያውቀው እስከ ካርል ብቻ ሆነ። ያን ካርልን ደግሞ አንተ አንድ ቀን አላሳረፍከንም፤ ከጀርመን በመርከብ አሜሪካ ገብቶ፣ ቋንቋ ሳይችል የባቡር ድልድይ የሠራ፣ የመጀመሪያውን ጎርፍ ሲወስድበት እዚያው ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ እንደገና የሠራ። የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ሮቢት ላይ መኪና በቆመ ቁጥር "ካርል ቢኖር" ትል ነበር። እኔም ካርልህን ጥራውና ያሻግረን እያልኩ አሾፍብህ ነበር። ምነው አሁን መጥተህ ብታሰለቸኝ።

በኛ ዘንድ ሴት ቆጥራ አታውቅም፤ እኔ ግን ብድግ አልኩ። ልጄ አባት እንደሌላት ሆና እንድትዳር አልፈለግሁም። የሰናይት አባት ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። የባሕር ማዶዎቹ ስም ምላሴ ላይ ነበር፤ መጀመሪያ የሚጠራው ግን ያንተ ነው። ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ደሳለኝ አልኩ። ደሳለኝ ሮበርት፣ ሮበርት ፍራንክ፣ ፍራንክ ዊልያም፣ ዊልያም ካርል። ከዚያ በላይ አላውቅም አልኳቸው።

እኒያው ሽማግሌ "የቀሩት ሁለቱ ዋጃ አልደረሱም፤ ይበቃል" ብለው መረቁን። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

እንግዶቹ ሲወጡ ጓዳ ገብቼ ስምህን ደጋግሜ ጠራሁት። ናፍቀኸኛል፣ ደሳለኝ። ሰናይት ስትወልድ ልጇ አንተን ሁለተኛ ቤት ብሎ ይቆጥርሃል፣ የልጅ ልጇ ሦስተኛ። እያልክ እያልክ ወደ ላይ ትርቃለህ፤ አንድ ቀንም ከሰባቱ ውጭ ትሆናለህ። ያን ጊዜ እኔም አልኖርም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ግን እዚህ ቤት ቆጠራ የሚጀመረው ካንተ ነው።