ለጊፋታ ስለ መምጣትህ

ለውድ ወንድሜ ኤርሳዶ፣ የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከእናታችን ጉልበት በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ስለዚያ ግድያ የጻፍከውን መጽሐፍ ይዞ አንድ ጨዋ ሰው ማክሰኞ ቤት መጣ። «ጋዜጠኛው ለጊፋታ ይመጣል?» ሲለኝ፣ እኔ ወሬ ወዳዷ፣ «ወላይታ ሆኖ በዘመን መለወጫ የሚቀር አለ እንዴ? ጓሮ ባለችው ክፍል ነው የሚያድረው» አልኩት። «እንግዲያው ይፈርምልኛል። ገዳዩ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ፤ ፍርዴን ጨርሼ ወጣሁ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ ሰላም ይለኛል።

ዘንድሮ መንገዱ ጭቃ ነው። በዓሉን እዚያው ዋል፤ ሥጋህን ጠብሼ እልክልሃለሁ። እናታችን «ልጄ ሳይመጣ በሬው አይታረድም» ብላለች፤ እኔ አግባባታለሁ።

ጌታ በሄድክበት ሁሉ ይከልልህ።

እህትህ ጥሩነሽ